የቱሚራህ ቀንድ አውጣ

ቱሚራህ ቤቷ ውስጥ ቀን መቁጠሪያ ሰቅላ አታውቅም። የበኩር ልጇ መቼ እንደተወለደ ለሚጠይቃት «የዳኛው ሚስት ቡናማ ጨርቅ ሊያልቅ አንድ ስንዝር ሲቀረው» ብላ ትመልሳለች። ባሏ ካርዮ እየነዳ ሰው የሚያመላልስበት ባለሦስት እግር ጋሪ ተገልብጦ እግሩን የሰበረው «ሐረጉ ላይ፣ ከታች ሦስተኛው ቅጠል ጋ» ነው። እናቷ ያረፈችበትን ቀን ሲጠይቋት ደግሞ «እሱ ነጭ ቦታ ላይ ነው፤ ያን ቀን አልሠራሁም» ትላለች። ሰው ይስቃል። እሷ ግን እየቀለደች አይደለም።

በሶሎ ከተማ፣ ባቲክ የሚባለውን በሰም የሚሳል ጨርቅ የሚሠሩ ሰዎች ሰፈር በሆነው በላውያን፣ ሠሪዎቹ «ቡ»፣ እመቤት፣ በሚሏት በቡ ሃስቱቲ ግቢ መሥራት የጀመረችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አሁን ሃምሳ ሦስት ሞልቷታል። አሥራ ሁለት ሴቶች በሦስት የከሰል ምድጃ ዙሪያ አራት አራት ሆነው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ምድጃው ላይ የቀለጠ ሰም አለ፤ ከየአንዳንዳቸው ፊት ነጭ ጨርቅ በእንጨት ላይ ተንጠልጥሏል። ቻንቲንግ የሚሏትን፣ አፏ ከመርፌ እምብዛም የማይወፍር የመዳብ ብዕር፣ ሰሙ ውስጥ ይነክሩና እፍ ብለውባት ጨርቁ ላይ ይስላሉ። ሰም ያረፈበት ቦታ ቀለም አይገባውም። የፊቱ ሲያልቅ ጨርቁ ይገለበጥና ጀርባውም በዚያው መስመር ላይ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ስለዚህ ያለቀለት ጨርቅ ፊትና ጀርባው አይለይም። አንዱ ጨርቅ አራት ወር ይፈጃል።

ቱሚራህ ሥራዋን ሁልጊዜ ከግራው ጫፍ ጀምራ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ወፎቿ ግን በጨርቁ ፊት ሁሉም ወደ ግራ ያያሉ። በሩ በስተግራዋ ስለሆነ ነው። «ወፍ ብርሃን ወዳለበት ካላየ ወዴት ሊያይ ነው?» ትላለች። አንድ ጊዜ አንድ የጃካርታ ነጋዴ ወደ ቀኝ የሚያዩ ወፎች ቢያዛት፣ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጥታ እሷ ቅጠል ስትሠራ ከረመች። በዚህ በኩል ግትር ናት፤ ምንም ማድረግ አይቻልም።

አራት ወር ሙሉ አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ነጠብጣብ የሚደረድር ሰው ልቡን የሚያሳርፍበት ነገር ይፈልጋል። ለእነዚህ ሴቶች ያ ነገር ሬዲዮ ነበር። ከእሑድ በስተቀር በየቀኑ፣ ከቀትር በኋላ ሰባት ሰዓት ላይ፣ «የጭጋጉ ዙፋን» የሚባለው ተከታታይ ድራማ ይጀምራል። ያኔ ገበያው ጭር ይላል። የጋሪ ነጂዎቹ ጥግ ላይ ተሰብስበው ጋሪዎቻቸው ውስጥ ጋደም ይላሉ፤ መንገደኛ ቢለምናቸውም ቢቆጣቸውም ንቅንቅ አይሉም። በየቤቱ ያለው ሬዲዮ አንድ ነገር ስለሚናገር ከሰፈሩ ጫፍ እስከ ጫፍ እየተራመዱ አንድ ቃል ሳያመልጥ መስማት ይቻል ነበር።

ታሪኩ ጠንቋይ፣ ዘንዶና የሚናገር ነብር ያለበት ነው፤ ዋናው ሰውዬ ግን ዊራጋቲ የሚባል የገበሬ ልጅ ነው። ከአባቱ የወረሰው ኬሪስ አለው። ስለቱ እንደ እባብ የተጠማዘዘ፣ ነፍስ ያለው ጩቤ ነው። በአንድ መቶ አሥራ ሁለተኛው ክፍል ላይ ዊራጋቲ «ከእንግዲህ ደም አላፈስም» ብሎ ምሎ ኬሪሱን የመንደሩ ጉድጓድ ውስጥ ወረወረው። ያን ቀን በላውያን ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። ካርዮ እንኳ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ ብሏል፤ ዝናብ እየዘነበ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀር፣ በአራት መቶ አሥረኛው ክፍል ላይ፣ ዊራጋቲ ከመንደሩ የሦስት ቀን መንገድ ርቆ፣ በቤተ መንግሥቱ እስር ቤት ውስጥ ታስሮ ሳለ፣ አንዲት ገረድ የሚጠጣውን ውኃ በባልዲ አስገባችለት። ትንሽ ቆይቶ ዘቦቹ ሊገድሉት ሲመጡ ኬሪሱ እጁ ላይ ነበር። ራሱ ኬሪሱ! ሲመዘዝ እንደ ሰው ቃተተ፤ ያንን ድምፅ የማያውቅ የለም።

ከተማው ታመሰ። ጉድጓድ ውስጥ የገባ ኬሪስ እንዴት እስር ቤት ተገኘ? ጋሪ ነጂዎቹ ተማክረው ኬሪሱ መንታ ነው የሚል ውሳኔ ላይ ደረሱ። ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ምግብ የሚሸጡት ደግሞ ነብሩ ነው ያወጣለት አሉ። የመስጊዱ ዘበኛ ሁሉም ነገር ሕልም ሳይሆን አይቀርም ቢል ሰው ሁሉ አኮረፈው። በቡ ሃስቱቲ ግቢ ነገሩን በአጭሩ የዘጋችው ጊያርቲ ነበረች። ጊያርቲ ከቱሚራህ ጋር አንድ ምድጃ ላይ ሃያ ዓመት የተቀመጠች፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ፣ ልቧ ግን ክፉ ያልሆነ ሴት ናት።

«ደራሲው ረስቶት ነው!» አለች። «በየቀኑ እየጻፈ ምኑን ያስታውሰው? እኔ የትናንቱን ራቴን ረስቻለሁ።»

«አልረሳም» አለች ቱሚራህ፣ ከጨርቋ ቀና ሳትል። «ጉድጓዱ ነው።»

«ጉድጓዱ ምን ሆነ?»

«የወረወረው ቀን ውኃው ድምፅ አላሰማም። የጮኸው በማግሥቱ ነው። የማግሥቱ ክፍል ሲጀምር ቤተ መንግሥት ውስጥ ገረዶቹ ውኃ ሲቀዱ ቧ የሚል ድምፅ ነበረ። እኛ ባልዲ መሰለን። ኬሪሱ ነበር። የመንደሩ ጉድጓድና የቤተ መንግሥቱ ጉድጓድ ታችኛው ቤታቸው አንድ ነው።»

ምድጃዎቹ ዙሪያ ሳቅ ፈነዳ።

«ምባክ ቱሚራህ» አለች ጊያርቲ፣ ለታላቅ እህት በሚባለው አጠራር እየጠራቻት፣ «ወርውረሽው ድምፁ በማግሥቱ የሚመጣበት ጉድጓድ የት ነው ያለው? እስቲ ለእኔም አሳዪኝና ባሌን ልክተተው!»

«በባቡር ሄዶ ይሆናላ!» አለች ሌላዋ።

«ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፍሮ!»

«ሳቁ» አለች ቱሚራህ። «ድምፅ አልነበረም።»

«ነበረ እንጂ!» አለች ጊያርቲ። «በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ቧ! ብሎ ነው የገባው። አንቺ ነሽ የረሳሽው።»

ሁሉም ሰምተዋል። አሥራ አንዱም ሴቶች ቧ ሲል ሰምተናል አሉ። ጊያርቲ የመጨረሻዋን ቃል ስትናገር ደግሞ ቡ ሃስቱቲ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ይቺ ቃል ባትነገር ጥሩ ነበር። ቡ ሃስቱቲ ከሰሞኑ ቱሚራህን በዓይኗ እየተከታተለቻት ነበርና። ቱሚራህ መነጽሯን የሩዝ መሶብ ውስጥ አስቀምጣ ግማሽ ቀን ፈልጋዋለች። ሻይ ላይ ጨው ጨምራ ለሰው ሁሉ አድላለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ፣ ይህኛው ነው የከፋው፣ የጨረሰችውን አንድ ረድፍ ነጠብጣብ እንደገና ደግማ ሠርታዋለች። ቡ ሃስቱቲ ክፉ አሠሪ አይደለችም፤ ግን የአራት ወር ጨርቅ የሚበላሽባት እሷ ናት። የዚያኑ ዕለት ማታ ሴቶቹ ሲወጡ ቱሚራህን ወደ ጎን ጠራቻት።

«ምባክ፣ ይህን ጨርቅ በዚህ ሳምንት ጨርሺና ከዚያ በኋላ ወደ ጓሮ ብትዛወሪ ምን ይመስልሻል? እዚያ ሥራው ቀለል ይላል።»

ጓሮ ማለት ሰፋፊውን ቦታ በወፍራም ብዕር በሰም መድፈን ነው። የጀማሪዎችና ዓይናቸው የደከመ ሴቶች ሥራ ነው፤ ወፍ የለም፣ ሐረግ የለም፣ ሬዲዮውም እዚያ አይሰማም። ቱሚራህ «እሺ ቡ» አለች። ሌላ ምን ትላለች?

መንገዱን ሙሉ ግን ያስጨነቃት ጓሮው አልነበረም። እናቷም በዚህ ግቢ ውስጥ፣ በዚያው ዱካ ላይ የተቀመጠች ወፍ ሠሪ ነበረች። እሷንም የመርሳት ሕመሙ የጀመራት ነጠብጣብ በመድገም ነው። በመጨረሻ ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብላ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» እያለች ታለቅስ ነበር። ቱሚራህ «እማ» ስትላት «የማን ልጅ ነሽ?» ትላለች። ስሟን ሲጠሯት ዞር ብላ ያቺን የተጠራችውን ሴት ትፈልጋለች። ቱሚራህ ያንን ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳችውም። አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ዝምታ በእርግጥ ነበረ ወይስ ራሷ ፈጠረችው? ካልነበረ ተጀምሯል ማለት ነው።

ማረጋገጫው ደግሞ አንድ ቦታ ነበር። መቶ አሥራ ሁለተኛውን ክፍል እየሠራች የሰማችበት ጨርቅ ላይ። ጨርቁ ለአንድ ጡረተኛ መምህር ሚስት፣ ለቡ ሱላስሚ ተሸጧል፤ ልጇ ሬትኖ ተሞሽራበታለች። ሬትኖ አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰባተኛ ወር ሥርዓቷ ይደረጋል። ጨርቅ የሸጠ ሰው ስለሚጠራ ቡ ሃስቱቲና ከግቢው አምስት ሴቶች፣ ጊያርቲም ቱሚራህም፣ ተጠርተው ሄዱ። ቱሚራህ ሌሊቱን አልተኛችም ነበር።

በአበባ ውኃ የታጠበችውን ሬትኖን ትልልቅ ሴቶች እየከበቡ ጨርቅ ያለብሷት ጀመር። ሰባት ጨርቅ ነው የሚለበሰው። አንዱን ያለብሱና እንግዳውን «ተስማማት?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እንግዳው በአንድ ድምፅ «ገና!» ይላል። ይወልቅና እግሯ ሥር ይወድቃል፤ ሌላ ይለበሳል። የቱሚራህ ጨርቅ ሦስተኛው ነበር። ወፎቹን ስታይ ወደ ፊት ተጠጋች፤ ግን ሁለት ሜትር ተኩል ጨርቅ በነፍሰ ጡር ሆድ ላይ ተጠምጥሞ ምን ይነበባል? «ገና!» ብሎ ሰው ጮኸ፣ ወደቀ። ሰባተኛው ተራው ባለ መስመር ጨርቅ ሲለበስ «ተስማማት!» ተባለ። ሬትኖም እንደ ወጉ በስድስቱ ጨርቆች ክምር ላይ እንደ ዶሮ ቁጭ ብላ ታቀፈቻቸው።

ታቅፋም ቀረች። ዘመድ እየመጣ ይመርቃታል፤ ቅመም የበዛበት የፍራፍሬ ሰላጣ ይቀርባል፤ ሰላጣው በጣም ካቃጠለ ሴት ልጅ ናት እያሉ ይከራከራሉ። ቱሚራህ ሰላጣውን አስቀምጣ ክምሩን ትጠብቃለች። በመጨረሻ ሬትኖ እግሯ ደንዝዞ ስትነሳ፣ ቱሚራህ የሰው ፊት ሳታይ ክምሩ ላይ ተንበረከከች።

«ቡ ሱላስሚ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንዴ ብቻ ልየው።»

ጨርቁን ምንጣፉ ላይ ዘረጋችው። ከግራው ጫፍ ጣቷን አስቀመጠችና ጀመረች። «እዚህ ዘንዶው ሲነቃ ነው። እዚህ ልዕልቲቱ ስትታመም። እዚህ እሑድ ነበር፣ ዝም ነው።» ጣቷ ከወፍ ወደ ቅጠል፣ ከቅጠል ወደ ግንድ ሄደ። ታሪኩን የሚያውቀው ሰው ሁሉ እየተጠጋ መጣ። «እዚህ ይምላል። እዚህ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል። እና እዚህ...»

ጣቷ ቆመ። ንጹሕ ቅጠል ነበር። ወደ ፊት ሄደች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች። የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

ጊያርቲ አልቀለደችም። ብትቀልድ ይሻል ነበር። ቡ ሃስቱቲ አንገቷን ደፋች። ቱሚራህ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች፤ እናቷ ቤቷ ውስጥ ሆና ቤቷን ስትፈልግ ምን ይሰማት እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት።

ከዚያ ፊት ለፊቷ ካለችው ወፍ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«ይቺ ወዴት ነው የምታየው?» አለች ቱሚራህ።

«ወደ ቀኝ» አለች ጊያርቲ፣ በሐዘኔታ።

«እኔ ወደ ቀኝ የምታይ ወፍ ሠርቼ አውቃለሁ?»

ጊያርቲ ጨርቁ ላይ ተደፋች። «ጀርባው ነው!» አለች። «ያ አላህ! በጀርባው ነው የዘረጋነው! ከመጨረሻው ነው የጀመርሽው!»

አሥራ ሁለት እጅ ጨርቁን ያዘና ገለበጠው። ፊትና ጀርባው የማይለይ ጨርቅ መሥራት የእነዚህ ሴቶች ኩራት ነው፤ ያን ቀን ያው ኩራታቸው ሊያዋርዳቸው ነበር። ወፎቹ ሁሉ ወደ ግራ፣ ወደ በሩ ዞሩ። ቱሚራህ ከግራው ጫፍ እንደገና ጀመረች። ዘንዶው። ልዕልቲቱ። እሑድ። መሐላው። «እዚህ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል። እዚህ ወረወረው። እዚህ ደግሞ...»

ከቅጠሉ ሥር አንዲት ጥፍር የምታህል ቀንድ አውጣ ነበረች። በንድፉ ላይ የሌለች፣ በጨርቁ ሙሉ ሌላ ጓደኛ የሌላት።

«ሰም አንጠባጠብኩ» አለች ቱሚራህ። «በጋለ ብረት ባነሳው ጠባሳው አልለቅ ሲል ቀንድ አውጣ አደረግሁት። ቡ፣ በዚያን ጊዜ አልነገርኩዎትም፣ ይቅር ይበሉኝ።»

እዚያ የነበሩት ሠሪዎች ሁሉ ነገሩን ያለ ማብራሪያ ያነቡታል። ቻንቲንጓን ሞልታ ከጨርቅ በላይ ይዛ እስኪንጠባጠብ የምትቆም ሠሪ የለችም፤ ቱሚራህ ደግሞ በአርባ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጠብታ አፍስሳ አታውቅም። አንድ ነገር እየጠበቀች ካልሆነ በስተቀር። ኬሪሱ ሲወድቅ ሰማች፤ የውኃውን ድምፅ ለመስማት እጇን አቆመች፤ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ድምፁ አልመጣም፣ ሰሙ ግን ጠብ አለ። ዝምታው እዚያ ጨርቁ ላይ ተቀምጧል። በእጅ ይዳሰሳል።

«እኔ እኮ ሰምቼዋለሁ» አለች ጊያርቲ፣ ድምፅዋ ሰልሎ። «ቧ ሲል... ግን ያኔ ቀይ የሚነከረውን ጨርቅ እየሠራሁ ነበር። ቀዩን የጀመርኩት በማግሥቱ ነው።» ደረቷን ያዘች። «ጌታዬ ሆይ! በማግሥቱ ነው የሰማሁት!»

ሬትኖ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለችና ቀንድ አውጣዋን ነካቻት። ቡ ሱላስሚም ነካቻት። ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ ነካ። ቱሚራህን ግን ያስደነቃት የራሷ ጠብታ አልነበረም። አንድ የማታውቀው ሰው፣ የሆነ ቦታ ተቀምጦ፣ አንድ ነገር ጉድጓድ ውስጥ ወርውሮ ድምፁን አስቀርቷል፤ ዓመት ሙሉ ደግሞ ትንፍሽ ሳይል ቆይቷል። ስንት ሚሊዮን ሰው ሲያዳምጠው! እንዴት ያለ ሆድ ነው ይህ? አለች በልቧ፤ አለቀሰችም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ግቢው ስትገባ በፊተኛው ምድጃ፣ በራሷ ዱካ ፊት፣ በሩ በስተግራ ሆኖ፣ አዲስ ነጭ ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር። ንድፉ በቀጭን እርሳስ ተነድፏል፤ ወፎቹም ወደ ግራ ነው የሚያዩት። ቡ ሃስቱቲ ስለ ጓሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «መነጽርሽን በክር አንገትሽ ላይ እሰሪው» ብቻ አለቻት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ክፍሉ ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ዊራጋቲ ከእስር አምልጦ የቤተ መንግሥቱ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመ። ልዕልቲቱ «ምን ታያለህ?» አለችው። «መንደሬን» አላት። ከአንገቱ የእናቱን ቀለበት ፈታና ጉድጓዱ ውስጥ ጣለው።

ግቢው ውስጥ ጊያርቲ ቻንቲንጓን ከፍ አድርጋ ጠበቀች። ሌሎቹም ጠበቁ። ቡ ሃስቱቲ የአንዷን ሥራ ልታርም ብዕር ተቀብላ ነበር፤ እሷም ጠበቀች። የውኃ ድምፅ የለም። የለም። ሙዚቃው ገባና ክፍሉ አለቀ።

ከዚያ በየጨርቁ ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ። አሥራ አንድ ጨርቅ፣ አሥራ ሁለት ጠብታ፤ ጊያርቲ ብቻዋን ሁለት አፍስሳለች። ቱሚራህ ግን ዊራጋቲ እጁን ወደ አንገቱ ሲልክ ነው ቻንቲንጓን ሰሙ ውስጥ የመለሰችው።

ሴቶቹ ጨርቃቸውን አዩ፤ ከዚያ አሠሪያቸውን አዩ። ቡ ሃስቱቲ በራሷ እጅ ባበላሸችው ጨርቅ ላይ አፈጠጠች።

«ምባክ ቱሚራህ» አለች በመጨረሻ፣ «ያቺን ቀንድ አውጣ እንዴት ነው የምትሠራት?»

አሥራ አንዱም ሴቶች ዱካቸውን እያነሱ በዙሪያዋ ተሰበሰቡ። ጊያርቲ ከኋላ ሰው እየገፋች «ምባክ ቱሚራህ! ምባክ ቱሚራህ! እኔ ጋ ሁለት ነው፣ መጀመሪያ ወደ እኔ ነይ!» እያለች ትጣራ ነበር። ቱሚራህ ስሟን ሰማች። ማን እንደተጠራ ለማየት ዞር አላለችም።

«አለሁ» አለች፣ ቻንቲንጓን እየሞላች።